የጠፋ ዕቃ የምትናገረው ሴትዮ

አንድ ሰው የገዛ እህቱን ድምፅ ሳያውቅ ስንት ዓመት ከእሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሊኖር ይችላል? ይህን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልችልም። መልሱ የነበረው ወንድሜ ዘንድ ነው፤ እሱም ሳይነግረኝ ሞተ። ሳልጠይቀው ሞተ ብል ይበልጥ ልክ ይሆናል፤ ነገርን በልኩ ማስቀመጥ እወዳለሁ።

ሰሞኑን ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ የባጃጅ ጉዞ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከቀፊራ ገበያ ሎሚና ፓፓያ ገዝቼ ወደ ሰፈሬ ከዚራ ስመለስ፣ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ እንደተሻገርን ሾፌሩን «ከመታጠፊያው አለፍ ብለህ፣ በግራ በኩል፣ ቀለሙ የተላጠ አረንጓዴ በር ፊት አውርደኝ» አልኩት። አጠገቤ የኢንዱስትሪ ፓርክ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ጺሙ የሸበተ ሰውዬ ተቀምጦ ነበር። ድንገት ዞሮ አፈጠጠብኝ።

«ወላሂ እሷ ናት! እትዬ የጠፋ ዕቃ!»

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። «አቦ ምን ጠፋ? ፌስታል ረሳሽ እንዴ ማዘር? ልመለስ?»

«ንዳ አንተ፣ ምንም አልጠፋም» አለው ሰውዬው እየሳቀ። ከዚያ ለእኔ፣ «ድምፅሽን ነው ያወቅኩት። ፊትማ የሁለታችንም ሄዷል። ሙራድ ነኝ፤ የሚኒ ሚዲያው ሙራድ።»

ሙራድ! ኮሌጅ ሳለን አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ እንደ ሸንበቆ የሚወጣ ቀጫጫ ልጅ ነበር። አረንጓዴው በር ፊት ወርደን፣ ፓፓያው በፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ ቆመን አወራን። እሱ ከሄደ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያልሰማኝ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ለየኝ። ወንድሜስ?

ያኔ ባጃጅ አልነበረም። ከለገሀሬ ወደ መጋላ የሚያመላልሱት አሮጌ የፔጆ ታክሲዎች ነበሩ፤ በራቸው በገመድ የታሰረ፣ ወንበራቸው በቀትር ጭን የሚያቃጥል። ለአንድ ጉዞ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ሾፌሩ ካወቀሽ ደግሞ ነገ ትከፍያለሽ። ሳምቡሳ በስሙኒ ነበር፤ ጥግ ጥጉ የሚንኮሻኮሽ፣ ምስሩ ገና የሚፋጅ፣ በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ የሚሰጥ፤ ዘይቱ ጋዜጣውን አርሶ ጽሑፉን ከሁለቱም ገጽ ያሳያል፤ እኔ ከመብላቴ በፊት ጋዜጣውን አነብ ነበር። ወንዶቹ ተማሪዎች ከታይዋን ገበያ የገዙትን ሰፊ ጂንስ በቀበቶ አንቀው ይለብሳሉ፤ ሴቶቹ አበባ አበባ ያለበት ስስ ሻል ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ቴፑ ካሴት ሲነክስ ክሩ በእርሳስ ይጠቀለላል፤ በአንዱ ካሴት ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና የሱዳን ዘፈን ተከታትሎ ይቀዳል፣ ማንንም አይገርመውም። ዓመተ ምሕረቱን ተናገሪ ብባል እናገራለሁ፤ ግን ሳምቡሳው ይበልጥ ይታወሰኛል።

እኔ ኮሌጅ የገባሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ኮሌጅ በሚልኩበት ዕድሜ ነው። እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች ወንድሜ ተሾመ አሳደገኝ፤ እኔ ደግሞ የእሱን ልጆች አሳደግኩ። ልጆቹ ራሳቸውን ሲችሉ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩና በቀን ተማሪነት ተመደብኩ። ወንድምጋሼ ነበር የምለው። የባቡር ሰው ነው፤ ዕድሜውን በበረሃ ጣቢያዎች ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን አንዴ የተናገረውን አይመልስም። ኮሌጅ ልገባ ስል ጠርቶ እንዲህ አለኝ፦

«የሺ፣ ትምህርት ከሆነ ተማሪ፤ አልከለክልሽም። ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤት። ከዚያ ውጪ ከወጠጤ ጋር ስትንጫጪ የሰማሁ ቀን ግን ትምህርቱ እዚያው ላይ አበቃ።»

«እሺ ወንድምጋሼ» አልኩ። ቤት ውስጥ የምናገረው ይህንኑ ነበር። እሺ። መጣሁ። ምሳ ቀርቧል። የቀረውን ከመጽሐፍ ጋር በሆዴ አወራዋለሁ።

ኮሌጁ ከሰፈራችን የሚለየው በአንድ አጥር ነበር፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሙሉ ባዕድ አገር እንደሄደ ሰው ነው ያሳለፍኩት። ማንም ክፉ አላደረገብኝም። እንዲያውም ያከብሩኝ ነበር፤ ችግሩ ያ ነው። ጥላ ሥር ካለው አግዳሚ ስጠጋ ሁሉም ብድግ ይላሉ፤ «ይቀመጡ እትዬ» ይላሉ፤ ተቀምጬ ቀና ስል ሌላ ጥላ ፈልገው ሄደዋል። አግዳሚው ለኔ ብቻ ይቀራል። የሰነፍ ልጅ እናት መስያቸው «ልጅዎ ስንተኛ ዓመት ነው?» ያሉኝ መምህር አሉ። አንደኛ ዓመት ነው አልኳቸው፤ ሳቅ አላሉም። ሰው በአክብሮት ተገፍቶ እንደሚወጣ እዚያ ነው ያየሁት፤ የተሰደበ ሰው ይሳደባል፣ የተከበረ ሰው ግን የመልስ ምት የለውም።

ሚኒ ሚዲያ ክበብ የሄድኩት ግማሹን በብስጭት ነው። ከምሳ በኋላ፣ የከሰዓቱ ክፍል እስኪጀመር፣ ግቢው መሃል ያለው ኒም ዛፍ ላይ የተሰቀሉት ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ይከፈታሉ፤ ዘፈን፣ ግጥም፣ ማስታወቂያ። ማስታወቂያው አያስቆምም፣ አያስኬድም። «ቁልፍ ጠፍቷል፣ ያገኘ ይመልስ።» ምን ዓይነት ቁልፍ? የት? በሆዴ ሳርምላቸው ሳርምላቸው ሰለቸኝና አንድ ቀን ሻሼን አጥብቄ አስሬ የክበቡን በር አንኳኳሁ። ክፍሏ የድሮ ዕቃ ማከማቻ ነበረች። ሙራድ እንዳየኝ ዘፈኑን ባንዴ ቀነሰ።

«ማዘር ይቅርታ ያርጉልን። እንቀንሳለን፤ ወላሂ እንቀንሳለን። ለኮሌጁ ዲን ብቻ አይንገሩብን።»

አይፈረድበትም። ድሬ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ በረንዳ ላይ ጋደም ይላል፣ ጫቱን የያዘውም በየጓዳው ነው። በዚያ ሰዓት የሚጮህ ነገር ጠላት ነው፤ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው ለአቤቱታ የሚመጡት የሰፈር ሴቶች ብዙ ነበሩ።

«ልመዘገብ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ምን ላይ?»

«ክበቡ ላይ።»

የሶማሊኛውን ፕሮግራም የምታቀርበው ኢፍራህ ሳቋን በሻሏ አፈነች። ሙራድ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። «እዚህ አዲስ አባል መጀመሪያ የሚያነበው የጠፋ ዕቃ ነው። ልማዳችን ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ፤ ዘፈን የለም፣ ግጥም የለም። ማንም አይወደውም።»

«እኔ እወደዋለሁ።»

«ሃዬ፣ እሺ እንግዲህ» አለ፤ እንደሚሰለቸኝ እርግጠኛ ነበር።

በማግስቱ የሰጠኝ ብጣሽ ወረቀት ያንኑ ይላል፤ ቁልፍ ጠፍቷል። አላነብም አልኩ። «አቦ እትዬ፣ ቁልፍ ነው በቃ!» አለ ሙራድ። «ከተማው ቁልፍ ሞልቶታል፤ ባለቤቱን ጥራልኝ» አልኩት። ባለቤቱ መጣ፤ አስቀምጬ ጠየቅኩት። ቁልፉ የምን ነው? የሳጥን። ክር አለው? ቀይ ክር፣ እህቴ ያሰረችልኝ። መጨረሻ የያዝከው የት ነው? እያሰበ እያሰበ ሳምቡሳ ሲገዛ ከኪሱ ስሙኒ ማውጣቱን አስታወሰ። እንደዚያው አነበብኩት፤ ከነቀይ ክሩ፣ ከነእህቱ። የከሰዓቱ ክፍል ሳይጀመር ቁልፉ መጣ። ከዚያ በኋላ ሰው ብጣሽ ወረቀት መላክ ትቶ ራሱ ይመጣ ጀመር። ደቻቱ ድንገት ሞልቶ አንድ ጫማውን የነጠቀው ልጅ ነበር፤ «የግራ እግር ሸራ ጫማ፣ ማሰሪያው የተቀጠለ፤ የቀኙ ባለቤቱ ጋር ነው፣ ብቻውን ሆኖ ይጠብቃል» ብዬ ሳነብ ከውጭ የሳቅ ድምፅ ሰማሁ። እየቀለድኩ አልነበረም፤ ያለውን ነው የተናገርኩት። ግን ያ ሁሉ ሰው በኔ ቃል ሲስቅ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ቆይቼ ዘገየሁ። ሙራድ ከሩቅ አይቶኝ «የሺ! የት ትዞሪያለሽ አንቺ? ሰዓቱ ደረሰ እኮ!» ብሎ ጮኸብኝ። እትዬ የለ፣ አንቱታ የለ። ድሬ ላይ አንቺ መባል ንቀት አይደለም፤ የቤት ልጅ መሆን ነው። ያን ቀን ሮጥኩ። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በዚያ ዕድሜዬ፣ ግቢው እያየኝ ሮጥኩ።

ቤት ደግሞ ከምሳ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ነኝ ብያለሁ፤ መጽሐፍ ስለምወድ ማንም አልጠረጠረም። ምሳውን ጠዋት አዘጋጅቼ እሄዳለሁ። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር አንደኛው ድምፅ ማጉያ ፊቱን ወደ ሰፈራችን ማዞሩን ነው። ወንድሜ በረንዳው ላይ ጋደም ብሎ በየቀኑ ይሰማኝ ነበር።

ይህን ያወቅኩት በሰብለ ምክንያት ነው። ሰብለ ከደጋ የተመደበች አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። መጥታ ፊቴ ተቀመጠች።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም» አለች። «ስሜ እዚያ ላይ እንዲጠራ ፈልጌ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ስሜን የሚጠራኝ መምህሩ ብቻ ነው፤ እሱም መቅረቴን ለማወቅ።»

«ያልጠፋ ዕቃ አላነብም» አልኳት። ብድግ ስትል ዓይኖቿን አየኋቸው፤ ደም መስለዋል። «ሌሊት ትተኛለሽ?»

«በዚህ ሙቀት? እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።»

«እንግዲያው ጠፍቶብሻላ! ተቀመጪ።»

አነበብኩት። «ሰብለ የተባለች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ድሬ ከገባች ጀምሮ እንቅልፍ ጠፍቶባታል። ያገኘ ወይም መላ የሚያውቅ የሴቶች ማደሪያ በር ላይ ያገኛታል።» ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ሰልፍ ሆነ። አንዷ አንሶላሽን አርሰሽ ተኚ ትላለች፣ አንዷ ፍራሽሽን በረንዳ አውጪ ትላለች፣ በሦስት ቋንቋ ይከራከራሉ። ሰብለ መሃል ቆማ ትስቃለች።

በዚያው ቀን ራት ላይ ወንድሜ እጁን ሳይታጠብ ወሬ ጀመረ።

«ዛሬ ያቺ የጠፋ ዕቃ የምትናገረው ሴትዮ ምን አለች መሰላችሁ? እንቅልፍ የጠፋባት ልጅ አለች አለች!» ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «የእነዚያ ልጆች ጩኸት አንገሽግሾኛል፤ ሴትዮዋ ግን ደህና ናት። ቃል አታባክንም። የተማረ ሰው ድምፅ ነው ያላት። አንቺስ የሺ፣ እዚያው አይደለሽ? አታውቂያትም?»

ባለቤቱ አስካለ ሳህን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«አያታለሁ» አልኩ። አልዋሸሁም፤ የክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰነጠቀች መስታወት ነበረች።

«ጆንያ ውሃ ነክራ መስኮቱ ላይ ትስቀል በያት» አለ ወንድሜ። «በበረሃው ጣቢያ እንደዚያ ነበር የምንተኛው። ጆንያ እንጂ ጨርቅ አይደለም፤ ጨርቅ ቶሎ ይደርቃል።»

በማግስቱ ያደረግኩትን ለምን እንዳደረግኩት አውቃለሁ፤ መደበቅ ሰልችቶኝ ነበር። ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ተራዬ ሲደርስ፣ «እንቅልፍ ለጠፋባት ልጅ ከአንድ የባቡር ሰው የተላከ መላ» አልኩና ቃል በቃል ደገምኩት። ጆንያ እንጂ ጨርቅ አይደለም፤ ጨርቅ ቶሎ ይደርቃል። አጥሩ ማዶ በረንዳው ላይ እንደተጋደመ አውቃለሁ። ማታ ወጡን ቀምሶ «ጨው አንሷል» አለ። ወጡ ጨው አላነሰውም ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የሴቶቹ ማደሪያ መስኮቶች በሙሉ እርጥብ ጆንያ ለብሰው ታዩ።

አሁን የወንድሜ የልጅ ልጅ ኮሌጅ ገብታለች። እናቷ «ክበብ ምናምን የሚሉትን ትተሽ ትምህርትሽን» ስትላት እሰማለሁ። እኔ ደግሞ እናቷ እየሰማች ልጅቷን፣ «ግቢ» እላታለሁ። «የሚወዱሽ ከሆነ ግቢ፤ የማይወዱሽ ከሆነ ደግሞ ግቢና ልመጂያቸው።» እናቷ ታኮርፋለች፤ ታኩርፍ። ዲፕሎማዬ ሥራ አስገኝቶልኛል፣ ዕድሜዬን በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠርቼበታለሁ፣ አላማርረውም። ግን በዲፕሎማው ላይ የተጻፈውን ሁሉ ቤቴ ተቀምጬ ከመጽሐፍ ልማረው እችል ነበር። ሙራድ «የት ትዞሪያለሽ አንቺ» ሲለኝ የሮጥኩትን ሩጫ ከየትኛው መጽሐፍ እማረዋለሁ? ጊዜ ማባከኛ ነው ይሉኛል። ይበሉ። የባከነውን ጊዜ አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ፤ ያልባከነው ምን እንደነበር ግን ተረስቶኛል።

የኮሌጅ ትምህርቴ የመጨረሻው ዓመት ሲመጣ የሰፈሩ ትዕግሥት አለቀ። ሙራድ አዲስ ማጉያ በማስመጣቱ ድምፁ አጥር አልፎ እስከ ባቡር ሐዲዱ ይሰማ ነበር። አንድ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ግቢው መጡ። ዲኑ ኒም ዛፉ ሥር አስቀምጠዋቸው ሙራድን አስጠሩና «ዛሬ ከነዚህ አባቶች ጋር ካልተስማማችሁ ክፍሉን እዘጋዋለሁ፣ ማጉያውም ይወርዳል» አሉት። እኔ በክፍሉ መስኮት አየሁ። አንደኛው ጎረቤታችን ሐጂ ዩሱፍ ናቸው። ሁለተኛውን አላውቃቸውም። ሦስተኛው፣ በዚያ ሙቀት ኮቱን የለበሰው፣ ወንድሜ ነው።

ከመስኮቱ ሸሸት አልኩ። ለመመረቅ የቀረኝ ጥቂት ነበር፤ የወንድሜ ቃል ደግሞ ጆሮዬ ላይ አለ፤ የሰማሁ ቀን እዚያው ላይ አበቃ። የጓሮው በር ክፍት ነው፤ በዚያ ብወጣ ቤተ መጻሕፍት እደርሳለሁ፣ ሁልጊዜ ነኝ የምለው ቦታ።

«አውርዱት ልጆቼ» ይላሉ ሐጂ ዩሱፍ። «እኛም ሰዎች ነን፣ እንተኛ!»

ሙራድ ይንተባተባል። «አባቶች፣ እንቀንሳለን፣ ወላሂ እንቀንሳለን…»

«ይህን መሐላ ስንት ጊዜ ሰማነው?» አለ ወንድሜ። «ከእናንተ ጋር ንግግር የለንም። ያቺ የጠፋ ዕቃ የምትናገረው ሴትዮ አለች አይደል? እሷን ጥሩልን። ሰው የምታናግር እሷ ናት።»

ኢፍራህ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ሂጂ እንጂ! አንቺን ነው እኮ።»

«ወንድሜ ነው» አልኳት።

«የቱ?»

«ኮት የለበሰው።»

«አያውቅም?»

«አያውቅም» አልኩ። ያኔ እርግጠኛ ነበርኩ። ዛሬ አይደለሁም። እሷን ጥሩልን ሲል ማንን እንደሚያስጠራ ያውቅ ነበር? ጆንያውን በሰማ ቀን አውቆ፣ ራሴ ወጥቼ እንድነግረው ጠብቆ ነበር? ወይስ በርግጥ ለማያውቃት ሴት ነበር ያን ያህል ክብር የሰጠው?

ኢፍራህ ድምፅዋን ቀነሰች። «እንግዲያው ዛሬ የለችም እንላቸዋለን። ማጉያውም ይውረድ፤ አቦ ምን ይመጣል? ማስታወቂያውን በእጃችን ይዘን እየዞርን እናነባለን። አንቺ በጓሮ ውጪ።» ሌሎቹ የክበቡ ልጆችም ሰምተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ማጉያ እንዴት እንደሚወዱት አውቃለሁ፤ ሙራድ አቧራውን በገዛ ሸሚዙ ነበር የሚጠርገው። ለኔ ሲሉ ሊያወርዱት ተስማሙ፣ ማንም ሳይለምናቸው።

በጓሮው በር አልወጣሁም። በፊት ለፊቱ ወጥቼ ዛፉ ሥር ሄጄ ቆምኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ?» አሉ ሐጂ ዩሱፍ። «ይህቺ እህትህ የሺ አይደለችም እንዴ ተሾመ?»

«የጠፋ ዕቃ የምናገረው እኔ ነኝ፤ የክበቡ አባል ነኝ። ከምሳ በኋላ ቤተ መጻሕፍት አልነበርኩም፣ እዚህ ነበርኩ። የሰፈሩ እንቅልፍ መከበር አለበት፤ ማጉያው ፊቱን ወደ ሜዳው ያዞራል፣ ድምፁም ይቀነሳል። አይወርድም ግን። እኔም ከክበቡ አልወጣም።»

በሕይወቴ ወንድሜ ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። የኮቱን ቁልፍ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈው። ከፊቱ ምንም ማንበብ አልቻልኩም፤ እኔ፣ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ሴት።

«ቤት እንነጋገራለን» አለ።

«አይ ወንድምጋሼ» አልኩት። «እዚሁ እንነጋገር።»